ካፑቺናውያን፤ የቆባቸው ትርጓሜ፣ የሥርዓታቸው ምንጭና የሸዋ ቆይታቸው

የምንኩስና ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቅናት መታጠቅ፣ ቆብ መድፋት፣ አስኬማ መቀበል የሚባሉት ሦስቱ ደረጃዎች ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ደብረ ሊባኖስ፣ ከመንዝ አምባዎች እስከ ጣና ደሴቶች ድረስ የታወቁ ናቸው። መነኵሴ መሆኑን የተወ ሰው «ቆቡን ጣለ» መባሉም የሚያመለክተው፣ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ውስጥ የአንድ ሰው ቃል ኪዳን በሙሉ ተጠቅልሎ እንደሚታይ ነው። በምዕራቡ የክርስትና ዓለምም ከቆብ ስሙን ያገኘ፣ በቆብ ምክንያት የተሰደደና በቆብ የታወቀ አንድ የመነኰሳት ማኅበር አለ። ይኸውም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚገኘው የካፑቺናውያን ማኅበር ነው።

ይህ ማኅበር ለኢትዮጵያ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በሸዋ ቤተ መንግሥት ለአሥር ዓመት ያህል የተቀመጡትና በሕዝቡ ዘንድ «አቡነ መሲያስ» እየተባሉ የተጠሩት ጉልየልሞ ማሳያ የዚሁ ማኅበር ልጅ ነበሩ። የእርሳቸውን የሸዋ ቆይታ ለፍጻሜ ያበቃው ሠራዊትም በመንዝ በኩል አልፎ የመጣው ነው። ስለዚህ የማኅበሩን ትርጓሜና አመጣጥ መረዳት ከሰሜን ሸዋ ታሪክ አንዱን ገጽ እንደ መረዳት ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ ትርጓሜ

«ካፑቺን» የሚለው ስም የተወሰደው «ካፑቾ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ከቀሚስ ጋር የተሰፋ፣ ራስን የሚሸፍን ሹል ቆብ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው ጳጳሳትም ሆኑ ሊቃውንት አልነበሩም። መነኰሳቱ ጢማቸውን አርዝመው፣ በባዶ እግራቸው፣ ረዥሙን ቆባቸውን ደፍተው በመንገድ ሲያልፉ ያዩአቸው ሕፃናት «ባለ ቆቦች!» እያሉ ይከተሏቸው እንደ ነበር ይተረካል። በመጀመሪያ በጽሑፍ የተሰጣቸው ስም ግን «በብሕትውና የሚኖሩ ታናናሽ ወንድሞች» የሚል ነበር። የሕፃናቱ ጩኸት የጳጳሱን ማኅተም አሸንፎ ቀረ።

ልብሳቸው ሻካራ የበግ ጠጕር ሲሆን ቀለሙ ቡናማ ነው። በወገባቸው ገመድ ይታጠቃሉ፤ በገመዱም ላይ ሦስት ቋጠሮዎች አሉ፤ እነዚህም ድህነትን፣ ንጽሕናንና መታዘዝን ያመለክታሉ። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር የተሠራውን ባና ለብሶ ብርዱን እንደሚቋቋም ሁሉ፣ እነዚህም መነኰሳት ከሐር ይልቅ የእረኛውንና የገበሬውን ልብስ የመረጡት ከድኾች ተለይተው እንዳይታዩ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ብርሃን ቡና ቤቶች ወተት የተቀላቀለበት ቡና «ካፑቺኖ» እየተባለ ሲታዘዝ፣ ቃሉ ከእነዚህ መነኰሳት ልብስ ቀለም የመጣ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ልመና እንደ ሥርዓት

ካፑቺናውያን «ለማኞች ወንድሞች» ተብለው ከሚታወቁት የምዕራብ ማኅበራት አንዱ ናቸው። በዚህ ስም ከሚጠሩት ዋና ዋናዎቹ ፍራንቸስካውያን፣ ዶሚኒካውያን፣ ቀርሜላውያንና አውግስጢኖሳውያን ናቸው። የልመናው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከእነርሱ በፊት የነበረውን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል።

በአውሮፓ የቀደሙት ገዳማት ሰፊ መሬት ነበራቸው። መነኵሴው በግሉ ምንም ባይኖረውም ገዳሙ ግን እርሻ፣ ወፍጮ፣ ደንና ጭሰኛ ነበረው። ይህም በኢትዮጵያ ታላላቅ ገዳማት በጉልት ይተዳደሩ ከነበረበት ሁኔታ ጋር በብዙ ይመሳሰላል። በ12ኛው መቶ ዓመት ግን በጣሊያን ከተሞች ተስፋፉ፤ ንግድ በረታ፤ ገንዘብ መሬትን ተክቶ የኃይል ምንጭ ሆነ። ገዳማቱ በገጠር በርስታቸው ላይ ሲቀመጡ፣ በከተማ የተሰበሰበው ድኻ የሚያስተምረው አጣ።

የአሲዚው ፍራንቸስኮስ የተነሡት በዚህ ጊዜ ነው። የተወለዱት በ1181 ወይም በ1182 ሲሆን፣ ዘመናቸው በኢትዮጵያ የላሊበላ ዘመነ መንግሥት ካረፈበት ጋር ይገጣጠማል። አባታቸው ጴጥሮስ በርናርዶኔ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ፍራንቸስኮስ በ1206 በአሲዚ ጳጳስ ፊት የለበሱትን ልብስ አውልቀው ለአባታቸው መልሰው፣ ከርስትና ከንግድ ተለይተው ወጡ። በ1209 ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ አኗኗራቸውን በቃል ፈቀዱላቸው፤ በ1223 ደግሞ ጳጳስ ሆኖሪዮስ 3ኛ ሕጋቸውን በማኅተም አጸኑት። የሕጉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ወንድሞች በግልም ሆነ በማኅበር ቤት፣ ስፍራ ወይም ማናቸውም ነገር የእኛ ነው አይበሉ፤ ገንዘብ አይቀበሉ፤ በእጃቸው ይሥሩ፤ የሥራቸው ዋጋ ባልተሰጣቸው ጊዜ ደግሞ ሳያፍሩ ይለምኑ።

ይህን ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያቀርብለት የቆሎ ተማሪው ኑሮ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኵፋዳ አንግቶ፣ ከቤት ወደ ቤት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚዞረው ተማሪ ለሕዝቡ እንደ ተራ ለማኝ አይታይም። ልመናው ትዕቢትን የሚሰብር፣ ተማሪውን ከእንጀራ ሰጪው ድኻ ጋር የሚያስተሳስር ትምህርት ነውና። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። የቆሎ ተማሪው ልመና መሸጋገሪያ ነው፤ ዜማውን፣ ቅኔውን ወይም ትርጓሜውን ሲጨርስ መርጌታ ወይም መምህር ሆኖ ደብር ይይዛል። ለፍራንቸስኮስ ልጆች ግን ልመናው የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን ሆነ። ከዚህም የተነሣ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ምንም የሌለው ማኅበር ሲበዛ፣ ሲከበርና ነገሥታት ሲወዱት ምንም የሌለው ሆኖ መቈየት ይችላልን?

መለያየቱና የ1528 ማኅተም

ጥያቄው ብዙ ሳይቈይ መልስ ጠየቀ። ፍራንቸስኮስ በ1226 ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው በድህነቱ ትርጓሜ ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ ማኅበሩ ለትምህርትና ለስብከት ቤትና መጻሕፍት ያስፈልጉታል አሉ፤ ሌሎቹ ሕጉ እንደ ተጻፈ ይጠበቅ አሉ። ክርክሩ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ፣ በ1517 ጳጳስ ሊዮን 10ኛ ማኅበሩን ኮንቬንቱዋልና ኦብሰርቫንት በሚባሉ ሁለት ወገኖች ለዩት።

የጥብቅነት ወገን የተባለው ኦብሰርቫንት እንኳ ለአንዳንዶች የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። በጣሊያን የማርኬ አውራጃ ሰው የሆነው ማቴዎስ ዘባሾ በ1525 ከገዳሙ ያለ ፈቃድ ወጥቶ ወደ ሮም ሄደ። የጠየቀው ሦስት ነገር ነበር፦ ፍራንቸስኮስ ለብሰውታል ብሎ ያመነውን ባለ ሹል ቆብ ልብስ መልበስ፣ ሕጉን እንደ ቃሉ መጠበቅ፣ በየሀገሩ እየዞሩ መስበክ። ጳጳስ ክሌምንጦስ 7ኛ በቃል ፈቀዱለት፤ የገዛ አለቆቹ ግን እንደ ኰብላይ ቈጥረው አሳደዱት። ሉዶቪኮና ራፋኤል ዘፎሶምብሮኔ የተባሉ ወንድማማች መነኰሳት ተባበሩት፤ የካማልዶሊ መነኰሳት ሸሸጓቸው፤ በካሜሪኖ ከተማም ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በሽተኞችን በማስታመማቸው ሕዝቡ ወደዳቸው። የካሜሪኖ መስፍን ሚስት ካተሪና ቺቦ የጳጳሱ ዘመድ ስለ ነበረች አማለደቻቸው። ሐምሌ 3 ቀን 1528 ጳጳሱ ለአዲሱ ማኅበር የመጀመሪያውን ማኅተም ሰጡ።

የማኅበሩ መጀመሪያ ቀላል አልነበረም። በ1542 የበላይ አለቃቸው የነበረውና በስብከቱ መላ ጣሊያንን ያንቀሳቀሰው በርናርዲኖ ኦኪኖ ወደ ፕሮቴስታንቶች ወገን ተሻግሮ ወደ ጄኔቫ ሄደ፤ ማኅበሩም ሊፈርስ ጥቂት ቀረው። ከጣሊያን ውጭ እንዳይስፋፋ ተከልክሎ ቈይቶ በ1574 ክልከላው ተነሣለት፤ በ1619 ደግሞ ራሱን የቻለ ማኅበር ሆነ። ከዚያ በኋላ በወረርሽኝ፣ በጦር ሜዳና በሩቅ ሀገር ሚሲዮን ካፑቺናውያን የማይገኙበት ስፍራ ጥቂት ነበር።

በጎንደር የፈሰሰው ደም

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ጊዜ ግን ክፉ ጊዜ ነበር። ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በዐዋጅ ካስገቡና ብዙ ደም ካፈሰሰ ጦርነት በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ልጃቸውን ዓፄ ፋሲለደስን ተክተው ነበር። ዓፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጡ። ካፑቺናውያን አጋታንጅ ዘቫንዶምና ካስያን ዘናንት በግብፅ በኩል የገቡት በዚሁ ዘመን ነው። እነርሱ ከኢየሱሳውያን የተለየ ማኅበር መሆናቸውን የሚሰማቸው አላገኙም፤ ለሀገሩ ሰው ሮማዊ ሁሉ አንድ ነበር። በ1638 በጎንደር ተሰቀሉ፤ የተሰቀሉትም በገዛ ራሳቸው የምንኩስና መታጠቂያ ገመድ እንደ ነበር ይነገራል። ከ78 ዓመት በኋላ በ1716 ሌሎች ሦስት የፍራንቸስኮስ ልጆች፣ ሊበራቱስ ቫይስ፣ ሳሙኤል ማርዞራቲና ሚካኤል ፋዞሊ፣ በዚያችው በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ።

ከእነዚህ ሁኔታዎች አንድ ነገር ይታያል። ልመናን ሥርዓቱ ያደረገ መነኵሴ ኃይል የለውም፤ ነገር ግን ከኋላው የሚታየው መንግሥት ኃይል አለው። ሕዝቡ የሚፈርደው በመነኵሴው ባዶ እጅ ሳይሆን በስተጀርባው በሚጠረጥረው ጦር ነበር።

አቡነ መሲያስ በልቼ

ሎሬንዞ ማሳያ በ1809 በሰሜን ጣሊያን ፒዮቫ በተባለች መንደር ተወለዱ፤ ወደ ካፑቺን ማኅበር ሲገቡ ጉልየልሞ ተባሉ። በ1846 ጵጵስና ተቀብለው ወደ ኦሮሞ ሀገር እንዲሄዱ ተላኩ። መንገዱ ግን ስድስት ዓመት ያህል ተዘጋባቸው፤ በመጨረሻም የነጋዴ ልብስ ለብሰው ገቡ። በጉዱሩ፣ በሊሙና በከፋ አስተማሩ፤ ሕዝቡንም ለፈንጣጣ ይከትቡ ስለ ነበር «አባ ፈንጣጣ» የሚል ስም ወጣላቸው። በ1861 ከከፋ ተባረሩ፤ በ1863 ተይዘው በዓፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው ተለቀቁ፤ ወደ አውሮፓም ተመለሱ። በ1867 የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የሚያስተምር መጽሐፋቸው በፓሪስ ታተመ።

በ1868 በታጁራ በኩል ተመልሰው ሸዋ ገቡና ከደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በልቼ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኙ። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ከያዙ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። የሸዋ መሳፍንት ዘር የሚቈጠረው ከመንዙ ከነጋሢ ክርስቶስ ነው፤ ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ምድር የተነሣው ይህ ቤት ከሰሜኑ ነገሥታት ተለይቶ ራሱን ሲያስተዳድር የቈየው የአምባውን ብርድና የገደሉን ጥልቀት አጥር አድርጎ ነበር። ምኒልክ ግን አጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ዐውቀዋል። መሣሪያ፣ የእጅ ጥበብና ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚያገናኝ መንገድ ይፈልጉ ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅና የአውሮፓን ነገር የሚያስረዳ ሽማግሌ መነኵሴ በደጃቸው መቀመጡ ጠቃሚ ሆኖ ታያቸው። በፊንፊኔ አካባቢ ብርብርሳ የተባለውን ስፍራ ለሚሲዮን ሰጧቸው፤ ይህም አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል በፊት ነው።

በዚህ ጊዜ የሸዋ ካህናት በሃይማኖት ትርጓሜ የተከፋፈሉ ነበሩ። ደብረ ሊባኖስ የሦስት ልደት ወይም የጸጋ ልጅ ትምህርት አምባ ሲሆን፣ በመንዝ ደግሞ ካራ የተባለው የሁለት ልደት ወገን ብርቱ ነበር። ክርክሩ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የሸዋን ቤተ መንግሥት ሲያውክ የኖረ ነው። አንዱን ወገን ማስገደድ ሌላውን ማስቀየም ስለ ነበር፣ ምኒልክ ሰዎችን በትምህርታቸው አጥብቀው አይመረምሩም ነበር። እንግዳው መነኵሴም ስፍራ ያገኙት በዚህ የመቻቻል ክፍተት ውስጥ ነው።

ነገር ግን የማኅበሩ የቈየ ጥያቄ እዚህም ተነሣ። ምንም የለኝም ብሎ የማለ መነኵሴ የንጉሥ አማካሪ፣ የደብዳቤ ጸሐፊና የእንግዳ ተቀባይ ሆነ። በ1876 በኦራትዮ አንቲኖሪ የሚመራው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑክ ሸዋ በደረሰ ጊዜ ማሳያ ረዱት፤ ልዑኩም በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያን ከንጉሡ ተቀበለ። መነኵሴው ይህን ያደረጉት ለሀገራቸው ሰዎች በማዘንና ለሸዋ በመጥቀም መንፈስ ሊሆን ይችላል። የልዑኩ መንገድ ግን ወደ ዲፕሎማሲ፣ ዲፕሎማሲውም ኋላ ወደ ጦርነት የሚያደርስ ሆነ።

የ1878 ዘመቻና የስደቱ ፍርድ

ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ። ለእርሳቸው የሀገር አንድነትና የሃይማኖት አንድነት አንድ ነገር ነበር፤ የውጭ ወራሪ በሁለት በኩል በሚመለከታት ሀገር ውስጥ የውጭ ሚሲዮን መኖሩን እንደ አደጋ ያዩት ነበር። በ1878 መጀመሪያ ሠራዊታቸውን እየመሩ መንዝ ገቡ። ለመንዝ ገበሬ የዘመቻ ትርጓሜ ግልጽ ነው፤ ጎተራው ይራቆታል፣ በጉ ይታረዳል። ምኒልክ ጦራቸውን ቢያሰልፉም ካህናትና ሽማግሌዎች መካከል ገቡ፤ ታላቁ ጦርነት ቀረ፤ በመጋቢት ወርም የልቼ ስምምነት ተደረገ። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ትተው፣ ግብር ሊከፍሉ ተስማምተው፣ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። ሚሲዮናውያንን ማስወጣትም ከስምምነቱ ግዴታዎች አንዱ ሆነ።

በዚያው ዓመት በወሎ ቦሩ ሜዳ የተሰበሰበው ጉባኤ የሦስት ልደትን ትምህርት አውግዞ የካራን ወገን አጸና። ስለዚህ በመንዝ ካህናት ዘንድ የቈየው ወገን ረታ፤ የደብረ ሊባኖስ ሊቃውንት ተረቱ፤ የመቻቻሉ ክፍተትም ተዘጋ። ምኒልክ እንግዳቸውን ቶሎ አላስወጡም፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አዘገዩት። በመጨረሻ በ1879 የዓፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ሲጠነክር ማሳያና ባልንጀሮቻቸው ታውሬን ካኛና ሉዊ ላሴር ከሸዋ ተነሥተው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ፤ ከዚያም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ማሳያ በዚያን ጊዜ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ።

ይህን ፍርድ በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ዓፄ ዮሐንስ የፈረዱት በክትባቱና በሰዋስው መጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ የጎንደር ዘመን ያስተማረውን ጥርጣሬ ይዘው ነበር። ቀጥሎ የመጣው ታሪክም ጥርጣሬው መሠረት የለሽ እንዳልነበረ አሳይቷል። ምኒልክም እንግዳ አሳልፈው የሰጡ ብቻ ተብለው የሚነቀፉ አይደሉም፤ ለአንድ መነኵሴ ብለው መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን የጦር ሜዳ ማድረግ የሚችሉ አልነበሩም።

ከስደቱ በኋላ

ማሳያ በ1884 ካርዲናል ሆኑ። በጳጳስ ሊዮን 13ኛ ትእዛዝም የሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታቸውን በ12 ጥራዝ ጻፉ፤ መጽሐፉም ለ19ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ ከሚጠቀሱት ምንጮች አንዱ ነው። በነሐሴ 1889 ዐረፉ። በ2016 ቤተ ክርስቲያናቸው በቅድስና መንገድ ላይ «ክቡር» ከሚባሉት ወገን ቈጠረቻቸው። ባልንጀራቸው ካኛ በ1881 ሐረር ገብተው ሚሲዮኑን እንደ ገና አቋቋሙ። ከእርሳቸው በኋላ በሐረር የተሾሙት አንድሬ ዣሮሶ፣ ኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑትን ልጅ ተፈሪን አስተምረዋል፤ የዣሮሶ ደቀ መዝሙር አባ ሳሙኤልም የተፈሪ መምህር ሆነው በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ሰጥመው ሞቱ።

የማሳያ ስም ግን ከሞቱ በኋላ ራሳቸው ያልመረጡትን ሥራ ተሸከመ። የፋሺስት ጣሊያን መንግሥት ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን፣ በ1939፣ «አቡና መሲያስ» የተባለ ፊልም ተሠርቶ በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ጫማና ገንዘብ የናቀው ለማኝ መነኵሴ የወረራ መንገድ ጠራጊ ተደርጎ ታየ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ከአርባ ዓመት በላይ በሐረር የኖሩት ፈረንሳዊው ካፑቺናዊ ዣሮሶ ስፍራቸውን እንዲለቁ ተደርገው በ1941 በቱሉዝ ዐረፉ። አንዱ ካፑቺናዊ በሞቱ ተወደሰ፤ ሌላው በሕይወቱ ተሰደደ፤ ሁለቱንም ያዘዘው አንድ ሥልጣን ነበር።

ማጠቃለያ

በ14ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሊባኖስ አባ ፊልጶስና እንደ እርሳቸው ያሉ የሸዋ መነኰሳት ነገሥታትን በድፍረት ገሥጸው ለስደት ተዳርገዋል። ለመገሠጽ የቻሉት ከንጉሥ እጅ የሚጠብቁት ስላልነበራቸው ነው። ፍራንቸስኮስም «ምንም የእኛ አይባል» ሲሉ የፈለጉት ይህንኑ ነጻነት ነበር። ባሕርና ቋንቋ ቢለያቸውም የሁለቱ ምንኩስናዎች ጥበብ በአንድ ነጥብ ይገናኛል፤ ምንም የሌለውን ሰው ማስፈራራትም መግዛትም አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ የካፑቺናውያን ታሪክ ከጎንደር እስከ ልቼ የሚያሳየው ሌላም እውነት አለ። መነኵሴ ንብረቱን ሊተው ይችላል፤ የተወለደበትን ሀገር ጥላ ግን በቀላሉ አይተውም። ኃያላን መንግሥታት ስሙን፣ ዕውቀቱንና ወዳጅነቱን እንደ ንብረት ይወስዱበታል። ከማሳያ ሥራ እስከ ዛሬ የቀረው፣ ቤተ መንግሥት የሰጣቸውም ሆነ ወራሪ ያሞገሰላቸው አይደለም፤ የፈንጣጣ ክትባቱ፣ የሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስውና የዘመኑን ኑሮ የመዘገቡበት መጽሐፍ ነው። ይህ ሁሉ በቆብ ሥር የተሠራ፣ ከማንም ያልተነጠቀና ለማንም የሚሰጥ ሥራ ነበር።